ስቶር ውስጥ የቆለፋችኋቸው ኮምፒውተሮች አልሞቱም

(ለአይሲቲ መምህራን፣ ለንብረት ክፍል ሠራተኞችና ለወላጆች በተዘጋጀ የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። በመሀል የተነሱ ጥያቄዎች ወጥተዋል። የቀረው እንደተነገረው ነው።)

እንደምን አደራችሁ! እስቲ ከኋላ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ በተለይ ደግሞ የንብረት ክፍል ኃላፊዎች፣ ዛሬ ብዙ የማወራው ከእናንተ ጋር ነውና በጣም ደስ ብሎኛል።

በጥያቄ ልጀምር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ስቶሩ ጥግ፣ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር የሌለው ማነው? እስቲ እጅ አውጡ። አያችሁ? አንድም እጅ የለም።

እነዚያ ኮምፒውተሮች ለምን እዚያ ገቡ? «ተበላሽተው ነው» ትሉኛላችሁ። እኔ ግን ኮምፒውተር ስጠግን ነው የኖርኩት፣ ስንቱን ከፍቼ አይቻለሁ። ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው። ማዘርቦርዱ ደህና ነው። ሞኒተሩ ይበራል። ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው? «ስሎው ሆነ»፣ «ሃንግ ያደርጋል»፣ «ቫይረስ በላው»። ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ አልሞተም። ደግሜ እላለሁ፣ ኮምፒውተሩ አልሞተም! ላዩ ላይ የተጫነው ሲስተም ነው ያቃተው። በአህያ ላይ የአይሱዙ ጭነት ጭኖ «አህያዋ ሞተች» ማለት ይቻላል እንዴ?

ዛሬ የማወራው እዚያ ማሽን ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ነፃ ሲስተም ስለመጫን ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተር ለምን «አረጀ» እንደሚባል፣ ቀጥሎ ሊኑክስ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ እንዴት እንደሚመረጥና የት ላይ እንደማይሠራ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

እሺ፣ አንደኛው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የደህንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። ለዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛው ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ማሽኑ በዚያ ቀን አልተበላሸም፣ ትናንት ሲሠራ የነበረውን ዛሬም ይሠራል። ግን አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት የለም። ይሄ ቀልድ አይደለም። ሜይ 2017 ላይ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ ያስፈታው ማሻሻያ ያልተጫነባቸውን ዊንዶውሶች እየፈለገ እየገባ ነው።

«ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 እንሂዳ!» ትሉኛላችሁ። አያስገባችሁም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ መሆን አለበት፣ እሱም ገበያ የወጣው በ2017 ነው። ስቶራችሁ ውስጥ ያለውስ? ኮር ቱ ዱዎ ነው፣ እሱ በ2006 የወጣ ነው። ወይ ዱባይ ዞሮ የመጣ 3ኛ ወይ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ ስሪ ነው። ገበያ ሄዳችሁ ዩዝድ ላፕቶፕ ስትገዙም ብዙ ጊዜ የሚገጥማችሁ እሱው ነው።

እዚህ ላይ ሳንደባበቅ እናውራ። እኛ ዘንድ የሚጫነው ዊንዶውስ አብዛኛው ክራክ ነው፣ ማለትም ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የሚጫን። ክራኩን ስትጭኑ የሚመጣውን መመሪያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው መስመር «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። የማታውቁት ሰው የሠራው ፕሮግራም «ጥበቃውን አንሳና አስገባኝ» ሲላችሁ ታስገቡታላችሁ? የቤታችሁን በር ለማታውቁት ሰው በዚህ ሁኔታ ትከፍታላችሁ? አትከፍቱም! ለልጆቻችሁ ኮምፒውተር ግን በየቀኑ ይከፈታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በነፃ፣ በሕጋዊ መንገድ፣ በየጊዜው የሚታደስ ሲስተም እያለ ልጆቻችን የመጀመሪያ የኮምፒውተር ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በተሰረቀ ሶፍትዌር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ሊኑክስ ምንድን ነው የሚለው ነው። ይሄን ቶሎ ልለፈው። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ በ1983 ማንም ሰው ሊያየው፣ ሊቀይረውና ሊያካፍለው የሚችል ሲስተም እንሥራ ብሎ ግኑ የሚባለውን ፕሮጀክት አወጀ። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሲስተሙን ልብ፣ ከርነሉን ጻፈ። ሁለቱ ተገናኙ፣ ከዓለም ዙሪያ ሰው ተረባረበበት። ዛሬ አንድሮይድ ስልክ በኪሱ የያዘ ሁሉ ሊኑክስ ከርነል በኪሱ ይዟል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ላይ የታወቁት 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሱ ነው። ስለዚህ «የድሃ ሲስተም ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይሄን ንገሩት።

እኔ ከሊኑክስ ጋር የተዋወቅሁት በፖስታ ነው። አዎ፣ በፖስታ! ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት የጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው፣ የመጀመሪያው እትም በ2004 ወጣ። ከዚያ በኋላ እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሰው ሁሉ ሲዲውን በነፃ፣ መላኪያውን ራሳቸው ከፍለው በፖስታ ይልኩ ነበር። ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሞላሁ። የኔ አልነበረም፣ የአጎቴ መሥሪያ ቤት ነው። ይመጣል ብዬ አላመንኩም፣ አጎቴም አላመነም። ከሳምንታት በኋላ አጎቴ ፖስታውን ይዞ ቤት መጣና «ልጄ፣ ስንት ብር አስላክብህ?» አለኝ። ምንም አልኩት። «ምንም?» አለኝ። ምንም። ፖስታውን አገላብጦ አገላብጦ አየው። ሲዲዎቹ ላይ ለሌላ ሰው ማካፈል እንደሚፈቀድ ተጽፏል። እኔን የያዘኝ ያ ነገር ነው። ኮፒ ማድረግ እዚህ ስርቆት አይደለም። ፈቃዱ ራሱ ኮፒ አድርጉ፣ ለጎረቤት ስጡ ይላል። ተካፍሎ መብላትን ለምናውቅ ሰዎች ይሄ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ላውራችሁ፣ ስሙን አልጠራም። ላብራቶሪ አለ፣ ግን ላብራቶሪው ባዶ ነው። ሃያ ምናምን ዴስክቶፕ ስቶር ገብቷል። ስቶር ኪፐሩን «ጋሼ፣ አንዷን ብቻ አውጥቼ ልሞክር» አልኳቸው። «ሞዴል 22 አምጣ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው! ንብረት በሞዴል 19 ገብቶ ያለ ሞዴል 22 አይወጣም፣ ነገ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የንብረት ክፍል ኃላፊዎች ሆይ፣ እዚህ አዳራሽ የጠራኋችሁ ለዚህ ነው። ቴክኒኩ ቀላል ነው። የሚከብደው ወረቀቱ ነው። ርዕሰ መምህሩ ይፈርም፣ «ለሙከራ» ተብሎ አንድ ማሽን ይውጣ። እዚያም በመጨረሻ እንዲሁ ሆነ፣ ደብዳቤ ተጻፈና አንዷ ወጣች። ጋሼ ራሳቸው አቧራዋን በጨርቅ ጠርገው፣ ሥራ እስክትጀምር አጠገቤ ቆመው አዩ። ማግስቱን የቀሩትን ለማውጣት ወረቀቱን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው።

ማሽኗ 2 ጊጋ ራም ነበራት፣ ራም ማለት ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ ነው። በዊንዶውስ ተነስታ እስክትረጋ ሻይ ይጠጣል። ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰካሁ፣ ከፍላሹ አስነሳኋት። ልብ በሉ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሊኑክስን ለመሞከር ሃርድ ዲስኩን መንካት አያስፈልግም! ከፍላሽ ላይ ብቻ ተነስቶ ይሠራል፣ ካልተመቻችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ ታጠፉታላችሁ፣ ኮምፒውተሩ እንደነበረ ነው። ድምፁን ሞክሩ፣ ዋይፋዩን ሞክሩ፣ ፕሪንተር ካለ ሞክሩ። ከዚያ ወስኑ።

የትኛውን እንምረጥ? ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፣ ጀማሪ ሰው የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። እኔ እንዲህ እላለሁ። 4 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ላይ ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ጫኑ። መልኩ ለዊንዶውስ ሰው እንግዳ አይሆንም፣ ከታች በግራ ሜኑ አለ፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው። 2 ጊጋም ከሆነ ይሄዳል፣ ዝቅተኛው መስፈርቱ እሱ ነው። ሉቡንቱም ጥሩ ነው። ማሽኑ 32 ቢት የሚባለውን የድሮ ፕሮሰሰር ዓይነት ብቻ የሚችል ከሆነ ግን ምርጫው ጠቧል። ሚንት በ20ኛው እትሙ 32 ቢት ትቷል። ዴቢያን እንኳ በ2025 ከወጣው 13ኛው እትም ጀምሮ ለ32 ቢት ኮምፒውተር መጫኛ አይሰጥም። አንቲኤክስ የሚባለው አለ፣ 1 ጊጋ ራም ላይም ይንቀሳቀሳል። ለጽሕፈትና ለኪቦርድ ልምምድ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

አንድ እውነት ደግሞ አለ፣ እሱን ሳልናገር ብወርድ አሳስቻችኋለሁ። ሲስተሙ ቀላል ቢሆንም ብራውዘሩ ያው ነው። ፌስቡክና ዩቲዩብ ሊኑክስ ላይም ራም ይበላሉ። ኮር ቱ ዱዎ ላይ አሥር ታብ ከፍታችሁ «ሊኑክስ ስሎው ነው» አትበሉኝ። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ቀይሩት፣ 120 ጊጋው ከበቂ በላይ ነው። ራም ጨምሩ። በሁለቱ ማሽኑ ሌላ ይሆናል።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ከዚያው ላብራቶሪ።

አንደኛው የፍላሽ ጉዳይ ነው። የፈተና ሰሞን አንዲት መምህርት እየተጣደፈች መጣች። «ወንድሜ፣ አለቀልኝ፣ ፈተናው በሙሉ ጠፋ» አለችኝ። ፍላሿ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት አንዲት ሾርትከት ብቻ ናት የምትታየው። ይሄን የማያውቅ አለ? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ! ያን ፍላሽ አሁን ሊኑክስ የጫንበት ማሽን ላይ ሰካነው። ምን ታየ? ሾርትከቷ አለች። የማይታወቅ ስም ያለው ትንሽ የቫይረስ ፋይል አለ። አጠገባቸው ደግሞ ስም የሌለው ፎልደር አለ። ፎልደሩን ስንከፍት ፈተናው፣ የተማሪ ውጤቱ፣ የልጇ የልደት ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ቫይረሱ አልሰረዘውም፣ ደብቆት ነው። ሊኑክስ ደግሞ ያንን የዊንዶውስ መደበቂያ ምልክት ከቁብ አይቆጥረውም። ቫይረሱም የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ አይነሳም፣ እንደ ማንኛውም ፋይል ትሰርዙታላችሁ። ከዚያን ቀን በኋላ ያቺ ማሽን የመምህራን ፍላሽ ማጽጃ ሆነች። ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም እያልኩ አይደለም። በየፍላሹ የሚዞረው የእኛ ሀገር ቫይረስ ግን አይሠራበትም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ለዓመታት የተቀመጠ ኮምፒውተር ስታስነሱ ኢንተርኔቱ ተገናኝቶ ድረ ገጽ አይከፍትም፣ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ሰው ወዲያው «ሊኑክስ ኢንተርኔት አያወጣም» ይላል። ከታች በቀኝ ያለውን ሰዓት እዩት። 2009 ይላል! ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ድረ ገጾቹ ደግሞ የሚያሳዩት የደህንነት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን አለው፣ 2009 ላይ ያለ ኮምፒውተር አይቀበለውም። ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች፣ ሰዓት ሠሪ ጋ ትገኛለች። ቀይሩ፣ ቀኑን አስተካክሉ፣ አለቀ። ስንቱ ማሽን በዚህች ባትሪ ምክንያት ተጥሏል መሰላችሁ!

አማርኛውስ? ይሄን ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው። ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት ካለ የአማርኛ ጽሑፍ ያለችግር ይነበባል። ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ አማርኛን ትጨምራላችሁ፣ በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየተከተላችሁ ስትጽፉ ፊደሉ ይወጣል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይሄን በተማረችበት ሳምንት የጎረቤታቸውን የቀበሌ ማመልከቻ ጽፋ፣ አትማ ሰጠች። በፊት ሰውየው ጸሐፊ ቤት ሄደው ይከፍሉ ነበር።

የሚያስቸግረው የድሮው ፋይል ነው። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዶክመንት ሊብሬ ኦፊስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። አትደንግጡ፣ አልተበላሸም። የገዛችሁትን ፎንት ሊኑክሱ ላይ ብትጭኑት ተመልሶ ይነበባል። አዲስ የምትጽፉትን ግን በዩኒኮድ ጻፉ። እባካችሁ በዩኒኮድ ጻፉ!

የት ላይ እንደማይሠራ ደግሞ ልንገራችሁ። አካውንቲንግ የምታስተምሩ፣ ፒችትሪ ለሊኑክስ አልተሠራም። አውቶካድም፣ ፎቶሾፕም እንዲሁ። ልጁ ነገ ሥራ ሲቀጠር ፒችትሪ የሚጠየቅ ከሆነ ለዚያ የሚሆን አንድ ሁለት ዊንዶውስ ማሽን አስቀሩ፣ ፈቃድ ያለው ይሁን። አንዳንድ ፕሪንተርና አንዳንድ የዋይፋይ ካርድም ያስቸግራል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ከፍላሽ ላይ ሞክሩ ያልኩት። ለጽሕፈት፣ ለስሌት ሠንጠረዥ፣ ለፕሮግራሚንግ፣ ለንባብ ግን ምንም አይጎድለውም።

ንባብ ካልኩ አይቀር፣ ኢንተርኔት የሌላችሁ ትምህርት ቤቶች ስሙኝ። ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። አንድ ጊዜ ከተማ ወርዶ በፍላሽ ማምጣት ነው። ኮሊብሪ ደግሞ የካን አካዳሚን የሒሳብና የሳይንስ ቪዲዮዎች ያለ ኢንተርኔት ያሳያል። አንዱን ሻል ያለ ማሽን ማዕከል አድርጋችሁ ሌሎቹን በኬብል ብታገናኙ ሁሉም ልጅ ከሱ ያነባል። የሊኑክስ ማሻሻያም እንዲሁ ነው፣ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ለእያንዳንዱ ማሽን ፓኬጅ መግዛት የለም።

ወላጆች፣ ለእናንተ አንድ ነገር አለኝ። ለልጃችሁ ዩዝድ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ የሊኑክስ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊት ከፍላሹ አስነሱት። ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ሃርድ ዲስኩ በጠቅላላ ለስንት ጊዜ በርቶ እንደቆየና ጤናው እንዴት እንደሆነ ያሳያችኋል። ሻጩ «ብዙ አልተሠራበትም» ሲል ዲስኩ ደግሞ ለዓመታት በርቶ የቆየ ከሆነ ዋጋ መከራከሪያ አገኛችሁ። ባትሪውን ነቅላችሁ በቻርጀር ብቻ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ብቻ ሞክሩ። ኪቦርዱን አንድ በአንድ ጫኑ። ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ማስተካከያ፣ ፓስወርድ ካለው አትግዙ፣ ብዙ ጊዜ የውጭ ድርጅት ንብረት የነበረ ነው፣ ከፍታችሁ ማስተካከል አትችሉም። «ከፍላሽ አይነሳም፣ አትንካው» የሚላችሁ ሻጭ ከገጠማችሁ አመስግናችሁ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።

በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጣለች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። የእኛ ስቶር ያለው በዚህ ቁጥር ውስጥ እንዳይገባ እፈልጋለሁ። ያ ማሽን የተገዛው በግብር ከፋይ ገንዘብ፣ በወላጅ መዋጮ፣ ባሕር ማዶ ባሉ ልጆቻችን እርዳታ ነው። ታዲያ አንድ ልጅ ማውዝ ሳይጨብጥ 8ኛ ክፍልን ሲያልፍ፣ ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ ተቆልፎ ሲቀመጥ፣ ዝም እንበል? ዝም ማለት አይቻልም!

እንግዲህ ወሬው በቃ፣ ወደ ሥራው እንሂድ። ከምሳ በኋላ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያመጣችኋቸውን ማሽኖች ደርድረናል። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ያላችሁ ያዙ፣ መጫኛው ወደ 3 ጊጋ ነው፣ ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ስለሚጠፋ መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ። ዴልና ሌኖቮ የያዛችሁ ሲነሳ ኤፍ 12ን፣ ኤችፒ የያዛችሁ ኢስኬፕን ወይም ኤፍ 9ን ደጋግማችሁ ጫኑ። የንብረት ክፍል ኃላፊዎች፣ እናንተ ከእኔ ጋር ፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ የመጀመሪያዋን ማሽን የምታስነሱት እናንተ ናችሁ። ክራቫት የለበሱት ጋሼ፣ የእርስዎ ትምህርት ቤት ማሽን ራም ስላነሰው መለዋወጫ ይዤልዎታለሁ፣ ከምሳ በፊት ያግኙኝ።